ያልተጠራ ደቦ በዩልስታ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም። ግን ማን ማን እንደሆንን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ጥፋት ያለበት ነገር ሲወራ ሰው ሁሉ በየቦታው ቆሞ መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በፊት እትዬ አሉ። ወሎዬ ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። በስዊድን ዋና ከተማ ዳር፣ ዩልስታ ሰፈር ከገባነው አበሾች ሁሉ ቀድመው የገቡት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ የአውቶቡስ ሾፌሩ አለ፤ ጎረቤት ሰፈር ሪንከቢ ይኖራል፣ የመርካቶ ልጅ ነው፣ ሞተሩን ሲያጠፋ አፉን ያስነሳል። ከዚያ ልብስ ሰፊው፤ ሁስቢ ይኖራል፣ ከእኔ ጋር በአንድ ጸሎት ቤት ያመልካል፣ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይናገርም። ባለቤቴ አለች፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተናገረችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበረች። አንድ ስዊድናዊ አዛውንት አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ። ስዊድኖች አዛውንቱንም ሕፃኑንም አንተ ነው የሚሉት፤ እኔ ግን በአማርኛ ስለምጽፍ እርሳቸው እላለሁ፣ ይገባቸዋልም።

ስድስተኛው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ስዊድንኛን ደግሞ ከመዝገበ ቃላት ተማርኩ፣ የትምህርት ቤት ወለል ሳጸዳ በደረት ኪሴ ይዤው እየዞርኩ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ሌላውን ካላስተማረ አያርፍም። በጸሎት ቤታችን ከሽማግሌዎች አንዱ ነበርኩ፣ በቤቴ ደግሞ ጥብቅ አባት። ልጄን በአማርኛ ስቆጣት በስዊድንኛ ትመልስልኝ ነበር፤ ግማሹ የማይገባኝ በመሆኑ ጸብ ሳይገንን ይቀር ነበር። ሾፌሩ «መምህር» የሚለኝ ለአክብሮት እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቼ ነው።

ዩልስታ የሰማያዊው ባቡር መስመር መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሐዲድ የለም፤ ፎቆቹ ያልቁና ሜዳው ይጀምራል። እትዬ ከባላቸው ጋር እዚያ ሲገቡ በሰፈሩ አማርኛ የሚሰማ አንድ ጆሮ አልነበረም። በሁለተኛው ክረምት ባላቸው ታመው ሞቱ። አስከሬን የሚያጥብ ሰው ፍለጋውን፣ የመቃብሩን ፈቃድ፣ የሚሰግድ ማሰባሰቡን፣ ሁሉንም ገና ባልገራላቸው ቋንቋ ብቻቸውን ተወጡት። ከአገር ቤት ዘመድ «ተመለሺ» ብሎ ጻፈላቸው። «ወዴት ነው የምመለሰው? አሁን እኮ እዚህ መቃብር አለኝ» ብለው መለሱ።

ከዚያ ሌሎቻችን አንድ በአንድ መጣን። እኔ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ የደረስኩት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። እትዬ ያን ጊዜ አቅመ ደካማ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞሩ የመርዳት ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ከሥራ መልስ ደግሞ እኛን ይረዱ ነበር። «መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ወረቀት» ይላሉ። አዲስ የመጣ ሰው ቢሮ ሳይረግጥ ጫማ መሸጫ ይወስዱታል፤ ሁለት ካልሲ የሚችል፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ያስገዙታል። እኔ በልኬ ካልሆነ ብዬ ተከራክሬ በልኬ ገዛሁ። በታኅሣሥ ተመልሼ ሄጄ ሌላ ገዛሁ። ለባለቤቴ የፎቃችንን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራ አያያዝ ያሳዩዋትም እሳቸው ናቸው። «እዚህ አገር ብዙ ነገር ይቅር ይባላል የኔ ልጅ፤ የሰው ተራ የነካ ግን አይባልለትም» አሏት። ያኔ ስቀን ነበር።

እኒህ ሴት ለራሳቸው የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሬት። ከዩልስታ ጀርባ ሜዳው ላይ አንድ ማኅበር ለሰፈሩ ሰው የሚያከራየው የጓሮ እርሻ አለ። ቁራሽ ቁራሹን ሎት ይሉታል። አንዱ ሎት ከሳሎን ብዙም አይበልጥም፤ ግን ሰው አጥሮ፣ ቁጥር ለጥፎ፣ በርሜል አቁሞ እንደ ርስት ይይዘዋል። እትዬ አራት ዓመት ወረፋ ጠበቁ። «የምኖረው አምስተኛ ፎቅ ነው፤ ከእግሬ ሥር ያለው የሰው ጣሪያ ነው። አንድ ቀን እንኳ የራሴን አፈር ልርገጥ» ይሉ ነበር።

ሲደርሳቸው ከእኛ አገር ሰው የመጀመሪያው እሳቸው ሆኑ። በዚያው በጋ ጎመን፣ ባቄላና በሶብላ አበቀሉበት፤ እሸቱን በላስቲክ እየቋጠሩ በየበራችን አንጠለጠሉልን። ከእሳቸው ኋላ አምስት የአበሻ ቤተሰብ ወረፋ ያዘ፤ አንዱ የእኔ ነበር። ማኅበሩ ውስጥ «የእሳቸውን አያያዝ እንይና ለሌሎቹ እናስብበታለን» የሚሉ እንዳሉ ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ የእትዬ ጎመን የአምስት ቤት ጎመን ነበር።

በአንዱ ዓመት የካቲት እትዬ በረዶ አንሸራቷቸው ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። በሚያዝያ ጀሶው ወጣ፣ እጁ ግን ገና ማንኪያ እንኳ አያጠብቅም። ቁፋሮው ደርሷል። «ቀስ እያልኩ እቆፍረዋለሁ፤ መሬት የት ይሸሻል» አሉ።

እኔ ግን አላስችል አለኝ። በዚያ ሳምንት በጸሎት ቤት መበለትን በመከራዋ ስለመጠየቅ ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ። ዶማ የማያነሳ እምነት ምኑ እምነት ነው ብያለሁ። ሰው የተናገረውን ካልሠራ ልጆቹ ፊት ምን ይዞ ይቆማል? ልብስ ሰፊውን ጠየቅሁት፤ «እሺ» አለ። ሾፌሩ ሙስሊም ስለሆነ የእኔን ስብከት አልሰማም፤ ቢሰማም አይሰማኝም። ለእትዬ ነው ስለው ግን ቅዳሜ የነበረበትን ሽፍት ከጓደኛው ጋር ተቀያየረ። እሱንም የመጀመሪያውን ጫማ ያስገዙት እሳቸው ናቸው።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ይሄ የመጀመሪያው ንግግሯ ነው።

«ለእትዬ ነገርካቸው?»

«ደግ ሥራ ፈቃድ አይጠየቅበትም» አልኳት።

ይህን ዓረፍተ ነገር ጥሩ አድርጌ እንደተናገርኩት ትዝ ይለኛል። ደስ ብሎኝም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ለእጃቸው ሲባል ቀላል ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር። ጸሐይዋ ወጥታለች። በረዶው ቀልጦ አፈሩ ጥቁር ሆኗል፤ ከስድስት ወር ጨለማ በኋላ የሚመጣ ጸሐይ ሰውን እንዴት እንደሚያሰክር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሦስታችን ዶማና አካፋ ተሸክመን ሜዳውን አቋርጠን ሄድን። ሎቶቹ በክረምት ሁሉም አንድ ይመስላሉ። እኔ ግን የእትዬን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው መስከረም ሄጄ ከሰማያዊ በርሜላቸው ውሃ ቀድቻለሁ። በርሜሉን ከሩቅ አየሁትና ወደዚያው መራኋቸው።

«መምህር፣ እርግጠኛ ነህ?» አለ ሾፌሩ። «እኔ አውቶቡስ ከመንዳቴ በፊት ቁጥሯን አያለሁ።»

«በርሜሉ አይታይህም?»

«ይታየኛል።»

«እንግዲያው ቆፍር።»

ልብስ ሰፊው ቀድሞ ካፖርቱን አውልቆ ነበር።

መሬቱ ጦም ያደረ ይመስል ነበር፤ ከተቆረጠ ደረቅ ጭራሮ በቀር ምንም የለበትም። ሁለት ስንዝር ያህል እንደገባን ግን ዶማው የሚይዘው ነገር አገኘ። ነጭ፣ ወፍራም፣ እንደ ትል የተጠላለፈ ሥር። አንዱን ስንጎትት ሌላው ይከተላል። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሰርዶ ማሳ ሲበላ አይቻለሁ። ይሄ የስዊድን ሰርዶ ነው አልኩ። አንዲት ቁራጭ ከቀረች ተመልሶ ይወርሳል፤ ከሥሩ ነቅሎ ማቃጠል ነው መድኃኒቱ። ምስኪን ሴት፣ እጃቸውን ታመው ከዚህ ጋር ሊታገሉ ነበር እኮ አልኩ።

እንደዚያ ቀን ሠርቼ አላውቅም። ክንድ ድረስ ቆፈርን። አፈሩን በእጃችን አበጠርነው። ሾፌሩ የደቦ ዜማ አወጣ፤ እኔ የዓለም ዘፈን ብዬ እንደመቆጣት እያደረገኝ ነበር፣ ግን ዶማዬ ሳላዘው ዜማውን ተከተለ።

ድገመው ዶማውን ይግባ ከመሬቱ፣
ሰርዶን ላሸነፈ ሞልቷል በረከቱ።

ልብስ ሰፊው እንኳ ተቀበለ። በአጠገባችን የሚያልፉ ስዊድኖች ቆም እያሉ ፈገግ ይሉልን ነበር። ሥሩን ሁሉ ሰብስበን በጋራው ማቃጠያ ላይ ከደረቅ ሳንቃ ጋር ከመርነው። እርጥብ ስለነበር አልነድ ብሎ በጭስ አስለቀሰን፤ በመጨረሻ ግን ነደደ። ስምንት ሰዓት ሲሆን መሬቱ እንደ ተነጠፈ ጋቢ ተዘርግቶ፣ ድንጋዩ በአንድ ጥግ ተደርድሮ፣ ለዓይን ያስጎመጅ ነበር። አካፋችንን ተደግፈን ቆመን እትዬ በሜዳው ሲመጡ አየናቸው።

ወደ እኛ አልመጡም። ሁለት ሎት አልፈው ቆሙ። ከዚያ ዞረው አዩን።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እትዬ፣ ይኼው ደቦ መጣንልዎት» አልኩ። «እንዴት አዩት?»

ቀረብ ብለው መሬቱን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ደኅነኛ እጃቸውን ሰደው አንድ እፍኝ አፈር አነሱና ፈተጉት።

«እጅግ ያማረ ቁፋሮ ነው» አሉ። «የማን ነው?»

እኔ በርሜሉን አመለከትኩ።

«በርሜሉማ የእኔ ነው» አሉ። «የጎረቤቴ የአዛውንቱ በርሜል በክረምት በበረዶ ሲሰነጠቅባቸው አዋስኳቸው። መሬቱ የእሳቸው ነው።» ከዚያ ሳቁ። ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «እናንተዬ፣ የፈረንጅ ማሳ በነፃ ቆፈራችሁለት» አሉ። ሾፌሩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሳቁ ተጋባና እኔም ሳቅሁ።

ሳቃቸው ድንገት ቆመ።

«እዚህ ውስጥ የነበረው ሥር የት ደረሰ?»

ልብስ ሰፊው ጭሱን አሳያቸው።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ቀስ ብለው ነገሩን። ሥሩ ስፓሪስ ይባላል፤ በግንቦት እንደ ጣት ብቅ የሚል፣ ስዊድኖች እንደ ቅቤ የሚሳሱለት አትክልት ነው። ተተክሎ እስኪበላ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ካልነካው ዕድሜ ልክ ይሰጣል። አዛውንቱ ያንን መደብ ከተከሉት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በየዓመቱ የመጀመሪያውን እሽግ ለእትዬ አጥር ላይ ያስቀምጡላቸው ነበር።

«እኔ እከፍላለሁ» አልኩ።

«አሥራ አንድ ዓመት በስንት ይሸጣል?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። ያ ነው የባሰው።

በዚያው ቀን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወደሚኖሩት አዛውንት ቤት ሄድን። በመንገድ ላይ ከመዝገበ ቃላቴ ቃል እየመረጥኩ የይቅርታ ንግግር አዘጋጀሁ። በሩ ሲከፈት ቆሜ በቃሌ ወጣሁት። አዛውንቱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ብስክሌታቸውን ያዙ፣ መጥተው ማሳው ላይ ተንበረከኩ። እጃቸውን ወደ አፈሩ ሰደዱ። እስከ ክርናቸው ገባ። ትንሽ ቆይተው አውጥተው አራገፉት።

«ለቦርዱ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው» አሏቸው ለእትዬ። «ደንብ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ።

የማኅበሩ ደንብ፣ ባለ ሎት ያመጣው እንግዳ ለሚያደርሰው ጥፋት ተጠያቂው ባለ ሎቱ ነው ይላል። ከባድ ከሆነ ሎቱ ይነጠቃል። አዛውንቱ ደብዳቤውን በዚያው ዕለት ጻፉ፤ በጣም አልከፋቸውም፣ አልጮኹም፣ ብቻ ጻፉ። ልጠላቸው ሞክሬ አልቻልኩም፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ደንብ የሚወድ ሰው ደንብ በራሱ ላይ ሲመጣ ማጉረምረም የለበትም። ችግሩ የመጣው በእኔ ላይ ሳይሆን በእትዬ ላይ መሆኑ ነው።

ቦርዱ እስኪሰበሰብ ሁለት ሳምንት ነበር። ሦስታችን የእትዬን የራሳቸውን ሎት እንቆፍርላቸው አልን።

«እንዳትነኩት» አሉ። «የእኔ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ አላስቆፍረውም። የሰው መሬት መቆፈር ይበቃናል።»

ሰው ሁሉ ድንች ሲተክል የእትዬ ሎት ባዶውን ቆየ። በየቀኑ ከሥራ መልስ ይሄዱና አጥሩ ላይ ተደግፈው ይመለሱ ነበር። የጎመን ችግኛቸው በአምስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ በእርጎ ኩባያ ውስጥ ረዘመ፣ ቀጠነ፣ ወደ መስታወቱ ዘመመ። አንድ ቀን በደረጃ ስንገናኝ እኔ ሰላም ለማለት እንኳ አፈርኩ።

«አብሽር ወንድሜ» አሉኝ። «ቢነጥቁኝም ያንተን የመሰለ ቁፋሮ አይቼ ነው የምሄደው።»

እቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ፣ ቦርዱ ፊት እትዬ ራሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ዝም እንድል አዘዋል አልኳት። ሁለተኛው ንግግሯ ይህ ነው።

«በማይገባህ ቦታ ስትናገር ኖረህ፣ በሚገባህ ቦታ ዝም ልትል ነው?»

ስብሰባው በሎቶቹ መካከል ባለች ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ነበር። አምስት የቦርድ ሰዎች፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበር፣ ቴርሞስ። አዛውንቱ በአንድ ጥግ ማስታወሻ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። እኛ ሦስታችን የጸሎት ቤት ልብሳችንን ለብሰን መጥተናል፤ ሾፌሩ ጭምር፣ ልብስ ሰፊው ክራባት አስሮለት። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አድርገው ደንቡን አነበቡ፤ ባለ ሎት ላመጣው እንግዳ ተጠያቂ ነው። እትዬ ተነሱ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰዎቹ የእኔ ሰዎች ናቸው» ሊሉ እንደሆነ ከአቋቋማቸው ገባኝ። እንደዚያ ዓይነት ሴት ናቸው።

ቀድሜያቸው ተነሳሁ። ይህን ንግግር አላዘጋጀሁትም፤ መዝገበ ቃላቱም ኪሴ ውስጥ አልነበረም።

«በእኛ አገር ደቦ የሚባል ነገር አለ» አልኩ በተሰባበረ ስዊድንኛዬ። «ሰዎች ተሰብስበው የአንድን ሰው መሬት ያርሳሉ። ግን ደቦ የሚጠራው ባለ መሬቱ ነው። መቼ፣ የት፣ ማን እንደሚመጣ የሚናገረው እሱ ነው፤ የሚያበላውም እሱ ነው። እኒህ ሴት አልጠሩንም። አላበሉንም። መምጣታችንን አያውቁም። ሚስቴ ጠይቃቸው ብላኝ ነበር፣ እኔ ደግ ሥራ ፈቃድ አይጠየቅበትም አልኩ። እንግዳ የሚባለው የተጠራ ሰው ነው። እኛ የማንም እንግዳ አይደለንም። ደንባችሁ ስለ እኛ የሚለው ነገር ካለ እሱን አንብቡ፤ ስለ እሳቸው ግን አንዳች አይልም።»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ለልጄም ብዙ ጊዜ ተርቼባታለሁ። ለራሴ የተተረተ መሆኑን በሃምሳ ዓመቴ አፋፍ፣ በእንጨት ቤት ውስጥ፣ በባዕድ ቋንቋ ተረዳሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የአዛውንቱ ሳቅ ነው። እንደ አሮጌ በር ነው የሚስቁት።

«ሰላሳ ዓመት እዚህ ማኅበር ውስጥ ኖሬአለሁ» አሉ ለሰብሳቢዋ። «ክንድ ድረስ የቆፈረ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም ጫር ጫር አድርጎ ነው የሚተወው። ያ መሬት አሁን ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ የተሻለ ነው። እኔ አዲስ መደብ ልሠራ አስቤ ጉልበት አጥቼ ነው ሦስት ዓመት የተውኩት፤ አሮጌው መድከም ጀምሮ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሥር ይገዛ። ቦዩን እናንተ ትቆፍራላችሁ። በዚያው ጥልቀት። እኔ ቆሜ አያለሁ።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። የእትዬ ሎት የእትዬ እንደሆነ ይቀጥላል ብለው በመዝገብ ላይ ጻፉ። እትዬ ቆመው ነበር፤ ያኔ ተቀመጡ፤ ደኅነኛ እጃቸው የታመመውን እጅ ይዞ ነበር። ልብስ ሰፊው የዚያን ቀን ብቸኛ ቃሉን ተናገረ፦ «ተመስገን።»

በሚቀጥለው ሳምንት ስልኬ ጮኸ።

«ቅዳሜ ደቦ አለኝ» አሉ እትዬ። «ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ እትዬ።»

«የት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኩ። «እርስዎ ያሳዩኝ።»

«አሁን ሰው ሆንክ» ብለው ዘጉት።

የዚያን ቅዳሜ ደስታ በምን ልናገረው። ጠዋት የአዛውንቱን፣ ከሰዓት የእትዬን መሬት ቆፈርን። እትዬ በአጥሩ መካከል ቆመው አዘዙን፤ ሾፌሩን ቀኝ፣ ልብስ ሰፊውን ግራ፣ እኔን ከዓይናቸው እንዳልርቅ መሃል። አዛውንቱ በገመድ ለክተው ቦዩን አሰመሩ። ልብስ ሰፊው ገመዱን አየና ዝም ብሎ በኖራ አሰመረበት፤ ከዚያ ጀምሮ ሁለቱ ቋንቋ ሳይኖራቸው ወዳጅ ሆኑ። እትዬ በእጃቸው ሕመም ምክንያት ድፎ ዳቦውን ባለቤቴ ጋር ነው ያስጋገሩት። ሙስሊሙም ጴንጤውም ያለ ሐሳብ የሚጠጣው ቀሪቦም ነበረ፤ አዛውንቱ አንድ ብርጭቆ ቀምሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለተኛ አስቀዱ። ሾፌሩ የደቦውን ዜማ ሲጀምር እትዬ ነጠቁት።

ድገመው ዶማውን አትፍራ ወንድሜ፣
ዛሬ እንኳን መሬቱን አሳየሁህ ቆሜ።

ሁሉም ወደ እኔ እያየ ተቀበለ። ልጄ ዳቦውን ይዛ መጥታ ነበር። ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፣ በአማርኛ። ተረጎምኩላት። አባቷ ሲሰደብ እንደዚያ የሳቀ ልጅ አላየሁም፤ አልተቆጣሁም።

አዛውንቱ ወጪውን በደብተራቸው ያዙ። እኔ ብቻዬን ልክፈል ብል እምቢ አሉ፤ ሥሩ በቅሎ ሳይበላ ሒሳብ አይዘጋም አሉ። ለራሳቸው አዲስ በርሜል ሲገዙ እትዬ «አረንጓዴ ይሁን፤ ይሄ ሰው በርሜል አይቶ ነው የሚያርሰው» አሏቸው።

ሦስት ዓመት ጠበቅን። በዚያ መካከል ከአምስቱ ቤተሰብ አራቱ ሎት ደረሳቸው፤ የእኔ ከእትዬ በስተግራ ነው፣ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። በሦስተኛው ዓመት ግንቦት አዛውንቱ ጠሩን። ስፓሪሱ እንደ አረንጓዴ ጣት ከአፈሩ ወጥቶ ተሰልፏል። በእንጨት ቤቷ ውስጥ በውሃ ቀቅለው በቅቤ አቀረቡልን። እትዬ ከቦርሳቸው አዋዜ አወጡ። ሁላችንም በጥሞና በላን።

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ ያለቀስነው?» አለ ሾፌሩ ሲያላምጥ። «ሣር እኮ ነው።»

«ጣፋጭ ሣር» አለ ልብስ ሰፊው።

አዛውንቱ አዋዜውን ነክረው በሉ፤ ፊታቸው ቀላ፤ ዳግመኛ ነከሩ። ከዚያ ደብተሩን ገለጡና አነበቡ፤ የስፓሪስ ሥር ሰባት መቶ ሃያ ክሮነር፣ ፍግ ሦስት መቶ፣ አረንጓዴ በርሜል ሁለት መቶ ሃያ። እኔ ቦርሳዬን አወጣሁ። እትዬ እጄን መቱኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው» አሉ፤ ቀሪውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «በደቦ የተሠራ በደቦ ይከፈላል፣ እኔም በርሜል አውሼ አሳስቻለሁ» አሉ። አዛውንቱም ተውሰው የቁጥር ምልክታቸውን በበርሜሉ መጋረዳቸውን አመኑና «እኔም ድርሻዬን ካልከፈልኩ ሒሳቡን አልዘጋም» አሉ።

አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ክሮነር፣ ካላጠፋችው ባለቤቴ በቀር ለአምስታችን፤ እያንዳንዳችን ሁለት መቶ አርባ ስምንት።